ሥዕል ለአገር ክብር መሆኑ
በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል በእነዋሪ የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ኢዮቤልዩ ማለት በኦሪት ሕግ በ50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት የሚነፋበት፥ የተሸጠ ርስትም ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት ዓመት ነው። ስለዚህ አንድ ደብር ኢዮቤልዩውን ባከበረ ጊዜ፥ ከእጁ ሊወጣ የተቃረበ ርስት እንዳለ ሊመረምር ይገባዋል። ከእነዚህም ርስቶች አንዱ ሥዕል ነው። መሬት ሲሸጥ ክርክርና ጩኸት ይነሣል፤ ሥዕል ግን ዝናም እያንጠባጠበበት፥ ጢስ እያጠቆረው፥ አዲስ ቀለም እየተለቀለቀበት ሲጠፋ የሚከራከርለት ሰው አይገኝም።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ማኖር ከጥንት የመጣ ሥርዓት ነው። ሙሴ በታቦቱ ላይ ኪሩቤልን እንዲያደርግ ታዘዘ፤ ባስልኤልም ለዚህ ሥራ በስሙ ተጠርቶ ጥበብ ተሰጠው። በእኛም አገር ክቡ ቤተ ክርስቲያን በሦስት ተከፍሎ፥ ቅኔ ማኅሌት፥ ቅድስትና መቅደስ ሲሆን፥ ሥዕሉ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በውጭው በኩል ይሣላል። ይህም ሕዝቡ በቅድስት ቆሞ ሲያስቀድስ መጽሐፉ በፊቱ ተገልጦ እንዲቆየው ነው። በደጁ ሁለት መላእክት ሰይፋቸውን መዝዘው ይጠብቃሉ፤ ከዚያም ምስለ ፍቁር ወልዳ፥ ሥነ ስቅለቱ፥ የሰማዕታትም ገድል በየስፍራው ይከተላል። ፊደል ያልቈጠረ ሽማግሌ ሕፃኑን በእጁ ይዞ እየዞረ ያስተምርበታል።

ሥዕል እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እንዲታይ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ መልሰው ይሣላሉ፤ ዓመፀኞችና አጋንንት ግን በጎን፥ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ሰሙ የዓይን ቍጥር ነው፤ ወርቁም ክፉ ሰው እውነትን በሙሉ ለማየት አለመፍቀዱ ነው። ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስን ተመልከቱ። የልዳ ሰማዕት ሲሆን በአበሻ ኮርቻ ተቀምጦ፥ እርካቡን በእግሩ አውራ ጣት ይዞ ይታያል። የአገራችን ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ይጋልብ የነበረው እንደዚሁ ነው። እንግዲህ ገበሬው ሥዕሉን ባየ ጊዜ፥ ቅድስና ከሩቅ አገር ብቻ የሚመጣ እንግዳ እንዳይደለ፥ በአያቱም ኮርቻ ላይ ሊቀመጥ እንደሚችል ያስተውላል። ሕዝብ ራሱን ማክበር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የቀደሙት ነገሥታትም ይህን ዐውቀዋል። በላስታ በገነተ ማርያም በ13ኛው መቶ ዓመት የነገሠው የዐፄ ይኵኖ አምላክ መልክ በግድግዳው ላይ ተሥሎ እስከ ዛሬ አለ። በዚሁ በሸዋም ደብረ ብርሃንን የመሠረተው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የእመቤታችን ሥዕል እንዲከበር፥ ተአምሯም እንዲነበብ ሥርዓት ሠራ። በእርሱ ዘመን የነበረው መነኵሴ ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙን የጻፈበት ሥዕል በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። ጎንደርም በ1880 ዓ.ም. በደርቡሾች እጅ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለውባት ሳለ፥ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከነሥዕሉ ተረፈ። ዛሬ የጎንደር ስም በተጠራ ጊዜ በጣራው ላይ ተሰልፈው ወደ ታች የሚመለከቱት የመላእክት ፊቶች በሰው ልብ ይታሰባሉ።

ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ግን አንኮበር ናት። መንግሥት ከእርስዋ ተነሥቶ ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ከሄደ በኋላ አንኮበር ታናሽ ከተማ ሆነች። ነገር ግን በ1925 ዓ.ም. ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ተወለዱባት። የማዕድን ትምህርት ይማሩ ዘንድ ወደ እንግሊዝ አገር ተልከው ሳሉ የሥዕልን ትምህርት መረጡ። ከተመለሱም በኋላ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ሥዕል ሠሩ፤ በአፍሪካ አዳራሽም ያለፈውን፥ ያለውንና የሚመጣውን የአፍሪካ ዘመን በ150 ካሬ ሜትር ባለ ቀለም መስታወት ገለጡ። በ2004 ዓ.ም. ቢያርፉም የትውልድ ስፍራቸው ስም ከስማቸው ጋራ ይነሣል። አገር በስፋትዋ ብቻ አትከበርም፤ በልጆችዋ እጅ ሥራም ትከበራለች።

እንግዲህ ለእነዋሪ ምን ይበጃል? በመጀመሪያ ያለውን መጠበቅ ነው። የአገራችን የግድግዳ ሥዕል ብዙውን ጊዜ በጨርቅ ላይ ተሥሎ፥ በጭድና በጭቃ በተመረገ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነው። ስለዚህ ትልቁ ጠላቱ ውኃ ነው። ጣራው ካፈሰሰ ጭቃው ይረጥባል፥ ጨርቁም ይላቀቃል። ከሠዓሊው በፊት ቆርቆሮ የሚያድስ ሰው ይጠራ። አሮጌውን ሥዕል በውኃ ማጠብ፥ በላዩም በዘይት ቀለም መደረብ፥ ወይም ከውጭ አገር ታትሞ በመጣ ወረቀት መሸፈን ከማጥፋት አይለይም። አዲስ መሣል ግድ ቢሆን የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት የተማረ ሠዓሊ ይምጣ፤ ከዲያቆናቱም እጃቸው የቀና ልጆች ቀለም እየበጠበጡ ከእርሱ ይማሩ።

ሁለተኛው የአደባባይ ግድግዳ ነው። ቅዱስ ሥዕል ክብሩ በመቅደስ ነውና ጭቃ በሚረጭበት፥ ከብት በሚታከክበት መንገድ ሊጣል አይገባውም። የትምህርት ቤቱና የገበያው ግድግዳ ግን የአገሩን ታሪክ ቢሸከም መልካም ነው። የሚሣል ነገርም አይጠፋም። የሞረትና ጅሩ ሰው በጥቁሩ አፈር ላይ ውኃ ሲተኛበት፥ ከማረሻው በኋላ ከነቤተ ሰቡ በእጁ መደብና ቦይ እየሠራ ውኃውን የሚያፈስስበት ጥበብ አለ። በፋሲካ ሰሞን እስከ አዲስ አበባ ስሙ የሚጠራው የጅሩ ሰንጋ አለ። የጀማ ገደል አለ። በጠላት ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. እንደ ራስ አበበ አረጋይ ያሉት የሸዋ አርበኞች የተጋደሉት በዚህ በሰሜን ሸዋ ተራራና ሸለቆ ነው። ወጣቱ እነዋሪን ትቶ ለመሄድ በሚቸኵልበት በዚህ ዘመን፥ እናቱ ቦይ ስትሠራ ተሥላ በገበያው ግድግዳ ላይ ቢያያት፥ ቢሄድ እንኳ የተወው አገር ምን እንደ ሆነ ዐውቆ ይሄዳል።

ምናልባት፥ «ድኻ እየተራበ ገንዘብ ለቀለም ማውጣት ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ድኻውን ረስቶ ግድግዳ የሚያስጌጥ ደብር ሥዕሉ ይመሰክርበታልና። ነገር ግን ይህ ሥራ የአንድ ባለጸጋ ከሆነ የባለጸጋው መታሰቢያ ብቻ ይሆናል። አንዱ እንጨት፥ አንዱ ጭድ፥ አንዱ የሠዓሊውን ቀለብ፥ መበለቲቱም የአንድ ቀን ጉልበትዋን ብትሰጥ ግን ሁሉም በግድግዳው ላይ ድርሻ አለው። ድርሻ ያለው ሰው ጣራው ሲያፈስስ ዝም አይልም፤ ጎረቤቱም ሲራብ አያልፈውም። በጥንት ሥዕሎች ግርጌ ያሠራው ሰው ተደፍቶ ይሣል ነበር። በዚህኛው ግርጌ የሰንበቴውና የማኅበሩ ሁሉ ስም ከነዓመተ ምሕረቱ ይጻፍ።

ካህናት ሆይ፥ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ አንዱን ሥዕል እየመረጣችሁ ለልጆች ተርጕሙላቸው። ምእመናን ሆይ፥ ሳይከረም ጣራውን እዩ። በሚመጣው ኢዮቤልዩ በዚህ ስፍራ የሚቆሙት ልጆች ርስታቸውን በግድግዳው ላይ ያገኙ ዘንድ፥ የአባቶቻችን አምላክ እጃችሁን ያጽና፤ አገራችሁን ይባርክ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።