ለአሸንድዬ ወደ ላሊበላ

የዛሬው ንግግራችን ስለ ላሊበላ ከተማና በክረምት ስለሚከበረው የአሸንድዬ በዓል ነው።

ላሊበላ በሰሜን ወሎ ተራራ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። የጥንት ስሟ ሮሃ ነው። በከተማዋ ከአለት የተፈለፈሉ 11 አብያተ ክርስቲያናት አሉ። እንዴት ተሠሩ? እኛ ቤት ስንሠራ ከመሠረት ጀምረን ወደ ላይ እንወጣለን፤ አይደል? እነዚህ ግን ከጣሪያ ተጀምረው ወደ ታች ነው የወረዱት። ጠራቢዎቹ መጀመሪያ የአለቱን ዙሪያ ቆፈሩ። በርና መስኮት አወጡለት። ውስጡንም ፈልፍለው ቤት አደረጉት። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሆኖ ላየው ሰው ቅርጹ መስቀል ነው። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ የሚባለው ድርጅት በዓለም ቅርስነት መዘገባቸው።

አሁን ወደ በዓሉ እንምጣ። የፍልሰታ ጾም እንዳበቃ፣ ነሐሴ 16 ቀን አሸንድዬ ይጀመራል። በዓሉ የልጃገረዶች ነው። ፀጉራቸውን ይሠራሉ፤ የባህል ቀሚስ ይለብሳሉ፤ አሸንድዬ የሚባለውን ረጅም ሣር ወገባቸው ላይ ያስራሉ። ከበሮ ይዘው እየዘፈኑ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። ባለቤቱም እንደ አቅሙ ይሰጣቸዋል። በዓሉ በሰቆጣ ሻደይ፣ በቆቦ ሶለል ይባላል።

የላሊበላ ብዙ ሰው በእንግዳ ይተዳደራል። አስጎብኚው፣ ምግብ ቤቱ፣ ሻይ ሻጯ ሁሉ እንግዳ ይጠብቃሉ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ጦርነት ከተማዋ ደረሰ። እንግዳ ሲጠፋ የስንቱ ጓዳ ጎደለ! ስለዚህ ለበዓሉ የሚሄድ ሰው ዓይኑን ብቻ አይደለም የሚያስደስተው፤ የሰውም ምድጃ እንዲነድ ይረዳል።

መሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ አስቀድማችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ነሐሴ ዝናብ ነው፤ አገሩም ደጋ ነው፤ ጋቢና ጃንጥላ ያዙ። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ጫማ አውልቁ። ልጃገረዶቹን ፎቶግራፍ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። በየቦታው የተጻፈውን ማስታወቂያ ራሳችሁ አንብቡ። ፊደል ቆጥራችኋልና “አንብብልኝ” ብላችሁ ሰው አትለምኑም።

አንድ አደራ አለን። ስምን መጻፍ መቻል ደስ ይላል። በአለቱ ላይ ግን ስማችሁን አትጻፉ። ድንጋዩን ዝናብ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲመታው ኖሯል፤ ተሰነጣጥቋል። የእኛ ጭረት ሲጨመርበት ይባስ ይጎዳል። ስማችሁን በደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

ይህን ጽሑፍ ዛሬ ማታ ለቤተሰባችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ደህና ሁኑ።