ምን እንቆጥራለን? ስለ ወጣቶች ጎልፍ ፕሮግራምና ስለ ውድድር ወቅቱ አመራር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ስለ ወጣቶች ጎልፍ ንግግር እንዳቀርብ በጋበዘኝ ጊዜ ደስታም ሥጋትም ተሰምቶኛል። ደስታው በሙያ ባልደረቦቼ ፊት የመቆም ክብር ነው። ሥጋቱ ግን ከመካከላችሁ አብዛኞቻችሁ የእግር ኳስ፣ የአትሌቲክስና የመረብ ኳስ አሠልጣኞች ወይም የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን እንደ መሆናችሁ መጠን፣ «ይህ የባለጸጎች ጨዋታ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ጥያቄ በልባችሁ እንደሚነሣ ስለማውቅ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ዛሬ እዚህ የቆምኩት የጎልፍ አሠልጣኞች እንድትሆኑ ለመስበክ አይደለም። በዋሽንግተን ከተማና በአጎራባቾቿ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ልጆችን አሰባስቤ ውድድር ሳዘጋጅ በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ከስሕተቴ ጭምር የተማርኩትን አንድ ነገር ላካፍላችሁ ነው። ይኸውም የውድድር አዘጋጅ የሚቆጥረውን ነገር ልጁ ዋጋ ያለው ነገር አድርጎ ይይዘዋል የሚል ነው። በቃል የምናስተምረው አንድ ነገር፣ በሠንጠረዥ የምንቆጥረው ሌላ ነገር የሆነ እንደ ሆነ ልጁ የሚያምነው ሠንጠረዡን ነው።

ለማታውቁት ያህል ጨዋታውን በአጭሩ ልግለጸው። ተጫዋቹ ከመነሻው ተነሥቶ ኳሷን በዱላ እየመታ ሣሩ በአጭር ወደ ታጨደበት ቦታ ያደርሳታል፤ በመጨረሻም ከትንሽ ጉድጓድ ያገባታል። ሙሉ ጨዋታ አሥራ ስምንት ጉድጓድ ሲሆን፣ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። እኛን መምህራንን ሊስበን የሚገባው ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በእግር ኳስ ጥፋቱን የሚያይ፣ ፊሽካውን የሚነፋ ዳኛ አለ። በጎልፍ ግን ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር የሚሄድ ዳኛ የለም። ኳሷ ከዛፍ ሥር በቅጠል ላይ ተቀምጣ ልጁ ሊመታ ሲል ብትንቀሳቀስ ያየው እርሱ ብቻ ነው። የእያንዳንዱን ልጅ ውጤት አብሮት የሚጫወተው ልጅ በካርድ ላይ ይመዘግብለታል፤ በመጨረሻም ሁለቱም ይፈርማሉ። ስለዚህ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ተወዳዳሪም፣ መዝጋቢም፣ ምስክርም ሆኖ ይውላል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ኃላፊነት በልጅ ትከሻ ላይ የሚጥል ውድድር በቅጡ ካልተሰናዳ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ የበጋው የውድድር ወቅት የሚታጠቀው በክረምት፣ በረዶው ሳይቀልጥ ነው። በእነዚያ ወራት የምንሠራው ዋና ሥራ የሜዳ ባለቤቶችን ደጅ መጥናት ነው። ሜዳው የሚተዳደረው ከፍለው በሚጫወቱ አዋቂዎች ስለ ሆነ፣ ልጆች የሚፈቀድላቸው ሰዓት ገበያው ቀዝቃዛ የሆነበት ነው። ብዙ የግል ክበቦች ሰኞ ሰኞ ለአባሎቻቸው ዝግ ስለሚሆኑ ሰኞ የልጆች ቀን ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ስለ ሆነ የወቅቱ እምብርት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ በዚያ አገር እነዚህ ወራት ሙቀቱ የሚበረታባቸው፣ ከሰዓት በኋላም መብረቅ የሚያሠጋባቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ሒሳብ ይመጣል። ስድሳ ልጆች ተመዘገቡ እንበል። ሦስት ሦስት ሆነው ሃያ ቡድን ይሆናሉ። በየአሥር ደቂቃው አንድ ቡድን ከአንድ መነሻ ብቻ ብናሰማራ፣ የመጀመሪያው ጠዋት በ2 ሰዓት ሲነሣ የመጨረሻው የሚነሣው ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ10 ነው። አሥራ ስምንት ጉድጓድ ለልጆች አምስት ሰዓት ያህል ስለሚወስድ፣ እነዚያ ልጆች የሚጨርሱት ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ በሚጠቁርበት ጊዜ ነው። ግማሹን ከአንደኛው፣ ግማሹን ከአሥረኛው መነሻ ብናስነሣ ግን የመጨረሻው ቡድን በ3 ሰዓት ተኩል ይነሣና በ8 ሰዓት ተኩል ይጨርሳል። ይህ የጽሕፈት ቤት ሥራ ሊመስል ይችላል፤ የልጅን ሕይወት የሚጠብቀው ግን ይኸው ነው። ነጎድጓድ ሲሰማ አንድ ረጅም የጥሩምባ ድምፅ ይነፋል፤ ሁሉም ወዲያው ጨዋታውን ያቆማል፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላ አንድም ልጅ ወደ ሜዳ አይመለስም። በዚህ ነገር ከወላጅ ጋር ድርድር የለም።

ቀጥሎ የሚመጣው የልክ ጉዳይ ነው። ትንንሾቹ ዘጠኝ ጉድጓድ፣ ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ ያሉት አሥራ ስምንት ይጫወታሉ፤ መነሻውም እንደ ዕድሜያቸው ወደ ፊት ይቀርባል። ዘጠኝ ዓመት የሆነውን ልጅ ከአዋቂ መነሻ ማስነሣት የሕፃን ጫማ ለሚያስፈልገው ልጅ የአባቱን ጫማ እንደ ማልበስ ነው። ዱላውም እንዲሁ ነው። ደግ ሰዎች አሮጌ ዱላቸውን ይለግሱናል፤ እኛም መጀመሪያ ላይ በልጅ ቁመት እየቆረጥን እናድል ነበር። ሆኖም የተቆረጠ የአዋቂ ዱላ አጠረ እንጂ አልቀለለም፤ ዘንጉም ይበልጥ ይደርቃል። ልጁም ያን ለማንሣት ሲል ያበላሸውን አመታት ለማቃናት ዓመታት ይፈጃል። ከአሥር ከባድ ዱላ አምስት ልኩ የሆኑ ይሻላሉ።

በ2019 እ.ኤ.አ. ተሻሽሎ የወጣው የጎልፍ ሕግ ለእኛ ሁለት መልካም ነገሮች አምጥቷል። የጠፋች ኳስ የመፈለጊያው ጊዜ ከአምስት ወደ ሦስት ደቂቃ ዝቅ ብሏል። አዘጋጁም ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ከፍተኛ የምት ብዛት መወሰን እንዲችል ተፈቅዶለታል። ለምሳሌ በአራት ምት ሊጨረስ በሚገባው ጉድጓድ ላይ ስምንት የደረሰ ልጅ ስምንት አስመዝግቦ ኳሱን ያነሣና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ከዚህ በፊት አንድ ሕፃን እንባው እየወረደ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት እያለ ሲቆጥር፣ ጓደኞቹም ቆመው ሲጠብቁት አይቻለሁ። ውርደትን ማስቆጠር ትምህርት አይደለም።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልምጣ።

በአንድ ወቅት ስምንት ውድድሮች አዘጋጅተን ነበር። በየውድድሩ የተገኘው ነጥብ ተደምሮ በየዕድሜው ከአንድ እስከ አምስት የወጡት ለወቅቱ መዝጊያ ውድድር ይጠሩ ነበር። ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ከዚህ የበለጠ ፍትሐዊ ደንብ ያለ አይመስለኝም ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ አባቱ ታክሲ የሚነዳ የአገራችን ልጅ ነበር። ለአባቱ ቅዳሜ የሳምንቱ ዋና የሥራ ቀን ነው። ሦስቱ ውድድሮች ደግሞ በቅዳሜ የዋሉ፣ ለመሄድ ብቻ ሁለት ሰዓት የሚፈጁ ነበሩ። ልጁ በአምስት ውድድር ተገኝቶ ሁለቱን አሸነፈ። በድምሩ ግን ስድስተኛ ወጣ። አንድም ቀን ያላሸነፈ፣ ስምንቱንም የተጫወተ ሌላ ልጅ ከእርሱ በላይ ሆነ። ሠንጠረዡን በለጠፍኩ ዕለት ልጁ አጠገቤ ቆሞ ጥቂት ካየ በኋላ፣ «ጋሼ፣ የቀረሁባቸው ቀኖችም ተቆጠሩብኝ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። እኔ የጎልፍ ችሎታ የቆጠርኩ መስሎኝ የቆጠርኩት የአባቶችን ትርፍ ጊዜና የቤንዚን ወጪ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ደንቡን ለወጥን፤ ከስምንቱ ውድድር የእያንዳንዱ ልጅ የተሻሉት አራት ውጤቶች ብቻ ይያዙ ጀመር። ከከተማው አንድ ሰዓት በላይ የሚርቅ ሜዳም ነጥብ ከሚሰጥባቸው ውድድሮች ወጣ። ስምንቱንም በታማኝነት የሚከታተሉ ልጆች ወላጆች አዘኑብን፤ ቅሬታቸውም ጨርሶ መሠረተ ቢስ አልነበረም፤ ትጋትም ዋጋ አለውና። ስለዚህ ለተሳትፎ የተለየ ምስጋና አዘጋጀን እንጂ ከችሎታ ጋር አልቀላቀልነውም። ለዚያ ልጅ ግን ያለፈው ወቅት አልተመለሰለትም። የልጅ ወቅት አይመለስምና ደንብ ከመጻፋችን በፊት ደንቡ ማንን እንደሚያስቀር ልንጠይቅ ይገባል።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከፊርማው ጋር የተያያዘ ነው። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ተጫዋች በአንድ ጉድጓድ ላይ ከመታው ያነሰ ቁጥር የተጻፈበትን ካርድ ፈርሞ ካስረከበ ከውድድሩ ይሰረዛል፤ የበለጠ ቁጥር ከተጻፈ ግን የተጻፈው ይጸናል። የዚህ ሕግ ጥብቅነት በታላላቆቹም ላይ ታይቷል። በ1968 እ.ኤ.አ. በማስተርስ ውድድር የመጨረሻ ቀን፣ ያን ዕለት 45ኛ ዓመቱን የያዘው አርጀንቲናዊው ሮቤርቶ ዴ ቪሴንዞ በአሥራ ሰባተኛው ጉድጓድ ሦስት መትቶ ሳለ መዝጋቢው አራት ጻፈበት። ሳያስተውል ፈረመ። በ65 የጨረሰው ጨዋታ 66 ሆኖ ጸና። ከቦብ ጎልቢ ጋር እኩል ሆኖ ለመለያ ጨዋታ መቅረብ ሲገባው በአንድ ምት ተሸነፈ።

ይህን ታሪክ ለልጆቹ ብዙ ጊዜ ተርኬላቸዋለሁ። እኔ ራሴ ግን አልተማርኩበትም ነበር። አንድ ቀን ሰማዩ እየጠቆረ፣ ወላጆችም እየተጣደፉ፣ ካርዶቹን ሳላነብ እየተቀበልኩ በሣጥን ውስጥ አኖር ነበር። ውጤቱ በሰሌዳ ላይ ሲወጣ አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በአንድ ምት በልጣ አንደኛ ሆነች። ጥቂት ቆይታ ብቻዋን መጣችና፣ «በአራተኛው ላይ አምስት ነው የመታሁት፤ አራት ተብሎ ተጽፏል» አለችኝ። ያን ቁጥር ከእርሷ በቀር ያስተዋለው ሰው አልነበረም። ዝም ብትል ዋንጫው የእርሷ ነበር። ካርዱን ከማስረከቧ በፊት ከጠረጴዛው ላይ ጮክ ብዬ አንብቤላት ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ይታረምና ከሌላዋ ልጅ ጋር እኩል አንደኛ ትሆን ነበር። አሁን ግን ሕጉ አንድ መልስ ብቻ ነበረው፤ ተሰረዘች።

በሽልማቱ ሰዓት ተነሥቼ ስሕተቱ የእኔ መሆኑን፣ እርሷም ያደረገችውን በሁሉ ፊት ተናገርኩ። ውጤቱ ግን አልተለወጠም፤ እንዲለወጥም አልጠየቀችም። ከዚያ ቀን ወዲህ በእኛ ዘንድ ካርድ እንዲሁ አይሰጥም። ልጁና መዝጋቢው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱን ጉድጓድ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ አንድ አዋቂ ያዳምጣል፤ ልጁ «ልክ ነው» ሳይል ከወንበሩ አይነሣም። ለአንድ ቡድን የሚፈጀው ሦስት ደቂቃ ነው። እውነት እንዲናገር ከልጅ የምንጠብቅ እኛ፣ እውነቱን የሚናገርበትን ሦስት ደቂቃ ልንነፍገው አይገባም።

ስለ ወላጆች ጥቂት ልበል። ወላጅ ለልጁ ክፉ አይመኝም፤ ሆኖም ከገመዱ ውጭ ቆሞ በእያንዳንዱ ምት የሚያቃስት አባት ለልጁ ከመብረቅ የማይተናነስ ሥጋት ነው። ወላጆችን ከማባረር ይልቅ ሥራ መስጠትን መርጠናል። አንዱ ውኃ ያድላል፤ ሌላው የጠፋች ኳስ ይፈልጋል፤ ሌላዋ በካርድ ጠረጴዛ ላይ ታዳምጣለች። ለራሱ ልጅ ቡድን ግን አይመደብም። የሰው ልጅ ሲጨነቅ በቅርብ ያየ ወላጅ ለራሱ ልጅም ይራራል።

«የባለጸጎች ጨዋታ» ለሚለው ጥያቄ ደግሞ ዋሽንግተን ራሷ መልስ አላት። በ1937 እ.ኤ.አ. ዌክ ሮቢን የተባለ የጥቁር ሴቶች የጎልፍ ክበብ በዚያ ከተማ ተቋቋመ። ለጥቁሮች የሚሆን ደኅና ሜዳ ባልነበረበት ዘመን ሴቶቹ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሃሮልድ ኢክስ አቤቱታ አቀረቡ። በ1939 እ.ኤ.አ. ላንግስተን የተባለው ሜዳ በዘጠኝ ጉድጓድ ተከፈተ፤ በኋላም ወደ አሥራ ስምንት አደገ። የአሜሪካ ባለሙያ ጎልፍ ተጫዋቾች ማኅበር ነጮች ብቻ አባል ይሁኑ የሚለውን አንቀጽ ከደንቡ የሰረዘው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ በሩ የተከፈተው በራሱ ፈቃድ ሳይሆን ተከራክረው ባስከፈቱት ሰዎች ነው። የታክሲ ነጂ ልጅ በነጥብ አቆጣጠር ምክንያት ሲቀር፣ እነዚያ ሴቶች ያስከፈቱትን በር በእርሳስና በማስመሪያ መልሰን መዝጋታችን ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣ እናንተ የምታሠለጥኑት ሯጭ ወይም ኳስ ተጫዋች ሊሆን ይችላል። የምትቆጥሩት ግን እናንተም አላችሁ። የልጅ ዕድሜ በወረቀት ላይ ሲቀነስ፣ ለዋንጫ ሲባል ልጁ ጉልበቱ እያመመው ሲሰለፍ፣ አሠልጣኝም በዋንጫ ብዛት ብቻ ሲመዘን፣ ልጁ ምን እንደሚቆጠር ያያል፤ ይማራልም። ስለዚህ የሚቀጥለውን ወቅት መርሐ ግብር ከማጽደቃችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ እንድትጠይቁ በትሕትና አሳስባለሁ። ደንቡ የልጁን ችሎታ ነው ወይስ የወላጁን አቅም የሚቆጥረው? ልጁ ስሕተቱን ለማረም ጊዜ ተሰጥቶታል? ስሕተቱ የእኛ ሲሆን በአደባባይ የምናምንበት ሥርዓት አለን?

ያቺ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሳ መጣች። ጨዋታዋን ጨርሳ ከጠረጴዛው ስትቀመጥ ካርዱን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ «ዛሬ አብረን እናንብበው» አለችኝ። አብረን አነበብነው።