ሞተር ሲደክምና ሲንተባተብ ምክንያቱን ስለ መመርመር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አውቶሞቢል ሞተር ነው። ይኸውም በደኅና ሲሠራ የነበረ ሞተር መንተባተብና ጉልበት ማጣት በጀመረ ጊዜ፥ ምክንያቱ በምን መንገድ ተፈልጎ እንደሚገኝ ለማስረዳት ነው። መካኒኮች ይህን ሕመም «ሞተሩ ሚስ ያደርጋል» ይሉታል።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ «እኛ መኪና የለንም፤ ይህ ትምህርት ምን ይጠቅመናል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን በሐዋሳ ከተማና በዙሪያዋ የሚኖር ሰው የዕለት ኑሮው ከሞተር ጋር የተሳሰረ ነው። ከይርጋ ዓለምና ከአለታ ወንዶ በኩል ቡናውን የሚያመጣው፥ ሕመምተኛውንም ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ሞተር ነው። በከተማው መንገድ የሚመላለሰው ባለ ሦስት እግር ባጃጅም የብዙ ወጣቶች እንጀራ ነው። ሞተሩ ታሞ የቆመ እንደ ሆነ ባለቤቱ ሥራ ፈትቶ ይውላል፤ በቤቱ ያሉትም ይቸገራሉ።

አውቶሞቢል ወደ ሀገራችን ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ አመጣ። ከዚያ ወዲህ ቍጥሩ እየበዛ ሄደ። በ2016 ዓ.ም. ግን መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ በእጃችን ያሉት የቤንዚን ሞተሮች እንደ ቀድሞው በቀላሉ በሌላ የሚተኩ አይደሉም። ስለዚህ ያለውን ጠብቆና ጠግኖ ማኖር የባለቤቱም የሀገርም ጥቅም ነው።

ሞተር በታመመ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገውን እንመልከት። ዛሬ ካንዴላ ይለውጣል፤ ነገ የቤንዚን ፓምፕ ይገዛል፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሌላ መለዋወጫ ፍለጋ ይዞራል። በመጨረሻ ገንዘቡ ያልቃል፥ ሞተሩ ግን እንደ ታመመ ይቀራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሳይመረምሩ ወደ መለወጥ በመቸኰል ነው። ሐኪም ሕመምተኛውን ሳይጠይቅና ሳይዳስስ መድኃኒት ቢሰጥ እንደምንነቅፈው ሁሉ፥ ሳይመረምር መለዋወጫ የሚያስገዛውንም መንቀፍ ይገባናል።

ለመመርመር አስቀድሞ የሞተርን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ባለ አራት ምት የሚባለውን ሞተር በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1876 ዓ.ም. ኒኮላውስ ኦቶ የተባለ ጀርመናዊ ሠርቶ አሳየ፤ የዛሬውም የቤንዚን ሞተር በዚያው ሥርዓት ይሠራል። በመጀመሪያው ምት ፒስተኑ ወርዶ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ በሁለተኛው ወጥቶ ያምቀዋል፤ በሦስተኛው ካንዴላው ብልጭታ ሰጥቶ የታመቀው ነዶ ፒስተኑን በኃይል ይገፋዋል፤ በአራተኛው ጢሱ ይወጣል። ካንዴላ በኢጣልያንኛ ሻማ ማለት ስለ ሆነ፥ ስሙ ሥራውን ይነግረናል።

ከዚህ የምንረዳው ለአንድ ሲሊንደር ሦስት ነገር የግድ እንደሚያስፈልገው ነው። አንደኛው በመጠን የተደባለቀ አየርና ቤንዚን፥ ሁለተኛው በቂ እመቃ፥ ሦስተኛው በሰዓቱ የሚመጣ ብልጭታ ነው። ከሦስቱ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ ያ ሲሊንደር አይነድም። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በያንዳንዱ ሰኮንድ 100 ጊዜ መንደድ አለበት። አንዱ ሲሊንደር ሲሰንፍ ከአራት እጅ ጉልበት አንዱ እጅ ይጠፋል፤ የቀሩት ሦስቱም ሰነፉን ጭምር ይጐትታሉ። ሞተሩ የሚንቀጠቀጠውና ዳገት የሚያቅተው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን የጉልበት ማነስ ሁሉ ሕመም አይደለም። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። አየሩ ስለ ሳሳ፥ አየር በግፊት የሚጨምር ተርቦ የሌለው ሞተር በጅቡቲ ወደብ የነበረውን ጉልበት በሐዋሳ ሊሰጥ አይችልም፤ ወደ ሀገረ ሰላም ደጋ ሲወጣማ ይብሱን ይቀንስበታል። ካርቡራተር ያለው አሮጌ ሞተርም ለቈላ እንደ ተስተካከለ ወደ ደጋ ቢወጣ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛበትና ጥቁር ጢስ ያወጣል። እንግዲህ ልዩነቱን አስተውሉ፤ የሀገር ከፍታ ሞተርን እኩል ያደክመዋል እንጂ አያንተባትበውም። ሞተሩ በዚያው መንገድ፥ በዚያው ጭነት፥ ትናንት የወጣውን ዳገት ዛሬ ካቃተው ሕመም አለበት ማለት ነው።

ምርመራው የሚጀመረው በመጠየቅ ነው። ሕመሙ የሚነሣው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ? ቆሞ ሲሠራ ነው ወይስ ጭኖ ዳገት ሲወጣ? ዝናም ከዘነበ በኋላ ነው ወይስ ቤንዚን ከተቀዳ በኋላ? ዝናም ሲዘንብ የሚብስ ከሆነ የኤሌክትሪኩን ሽቦ መጠርጠር ይገባል። በላስቲክ ጠርሙስ በየመንገዱ ከሚሸጠው ቤንዚን ከተቀዳ በኋላ የጀመረ ከሆነ፥ ውሃ ወይም ሌላ ነገር ተቀላቅሎበት ይሆናል። አሽከርካሪውም ያደረገውን ሳይሸሽግ ለመካኒኩ መንገር አለበት፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና።

ቀጥሎ የጢሱን ቀለም ማየት ነው። ጥቁር ጢስ ቤንዚን መብዛቱን ወይም የአየር ማጣሪያው በአቧራ መታፈኑን ያመለክታል። ሰማያዊ ጢስ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር መንደዱን ያሳያል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥ ወፍራም ነጭ ጢስ ከወጣ የራዲያተሩ ውሃ ወደ ሲሊንደር ሳይገባ አልቀረም።

ከዚህ በኋላ ሰነፉን ሲሊንደር መለየት ይገባል። ኢንጀክተር ባለው ሞተር፥ ሞተሩን አጥፍቶ የአንዱን ኢንጀክተር የኤሌክትሪክ ማያያዣ መንቀል፥ ከዚያም አስነሥቶ ማዳመጥ ነው። ድምፁ ተለውጦ ሞተሩ ይበልጥ ከተንቀጠቀጠ ያ ሲሊንደር ሥራውን ሲሠራ ነበር። ምንም ለውጥ ከሌለ ግን ሰነፉ እርሱ ነው። እንዲሁ አጥፍቶ፥ መልሶ ሰክቶ፥ አራቱንም በየተራ መፈተን ነው። ሞተሩ እየሠራ የካንዴላን ሽቦ በእጅ መንካት ግን ክልክል ነው፤ በውስጡ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በብዙ ሺሕ ቮልት የሚቈጠር ነውና።

ሰነፉ ከታወቀ በኋላ ካንዴላውን አውጥቶ ማየት ነው። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል፤ በዘይት ከረጠበ የፒስተን ቀለበት ወይም የቫልቭ ጐማ አርጅቷል፤ በቤንዚን ከረጠበ ቤንዚኑ እየገባ ብልጭታው ቀርቷል፤ ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሏል ወይም ቤንዚን አንሶታል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውንና አንድ ሳንቲም የማያስወጣውን ፈተና ልንገራችሁ። የሰነፉን ሲሊንደር ካንዴላ አውጥታችሁ ከጐረቤቱ ካንዴላ ጋር አለዋውጡ፤ ሌላም ነገር አትንኩ። ሕመሙ ካንዴላውን ተከትሎ ወደ ጐረቤቱ ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው፤ አንድ ካንዴላ ገዝቶ መዳን ነው። በቦታው ከቀረ ካንዴላው ነጻ ነው። ከዚያም ብልጭታ ሰጪውን ኮይል፥ ቀጥሎም የሚፈታ ከሆነ ኢንጀክተሩን እንደዚሁ ማለዋወጥ ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ግን ሞተሩ ቢድን እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

ሦስቱም ተለዋውጠው ሕመሙ በቦታው የቀረ እንደ ሆነ እመቃውን በመለኪያ መመርመር ነው። ዝቅተኛው ሲሊንደር ከከፍተኛው ሦስት አራተኛ በታች ሊወርድ አይገባም። ከወረደ በዚያ ሲሊንደር ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደ ገና መለካት ነው። መጠኑ ከፍ ካለ የፒስተኑ ቀለበት አልቋል፤ ከፍ ካላለ ግን አየሩ የሚያመልጠው በቫልቭ ወይም በቴስታታው ጓርኒሲዮን በኩል ነው።

አራቱም ሲሊንደሮች እኩል ከደከሙ ጥፋቱ ሁሉም በሚካፈሉት ነገር ነው። የአየር ማጣሪያውን፥ የቤንዚን ማጣሪያውንና ፓምፑን፥ የጢስ መውጫውንና ማርሚታውን መመርመር ያሻል። አንድ ሲሊንደር ብቻ ባለው ባጃጅም ማለዋወጥ ባይቻል፥ ደኅና መሆኑ የታወቀ ካንዴላ ተውሶ መፈተን ይቻላል።

በዛሬው ዘመን ሕመሙን በቍጥር የሚናገር የኮምፒውተር መመርመሪያ አለ። ለምሳሌ «ፒ 0303» ብሎ ቢያሳይ ሦስተኛው ሲሊንደር በደንብ አልነደደም ማለት ነው። ነገር ግን መሣሪያው ቦታውን እንጂ ምክንያቱን አልነገረንም፤ ካንዴላ ይሁን ኢንጀክተር ወይም ቫልቭ፥ ያንን የሚለየው መርማሪው ሰው ነው። በመሪው ፊት ያለው የሞተር መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ግን ጭኖ መሮጥ አይገባም፤ ሳይነድ የሚወጣው ቤንዚን በጢስ መውጫው ያለውን ውድ ማጣሪያ ያቃጥለዋልና።

ተማሪዎች ሆይ፤ ይህን ንግግር ሰምቶ ሁሉ መካኒክ ይሆናል አንልም። ሥርዓቱን ግን ያዙ። አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሕመሙ ያለበትን ቦታ ለዩ፤ አንድ ነገር ብቻ ለውጣችሁ የሆነውን ተመልከቱ፤ ከዚያ በኋላ ፍረዱ። በዚህ ሥርዓት የሚሠራ ሰው ምርቱ የቀነሰበትን ማሳም፥ ውሃው የደረቀበትን ጕድጓድም መመርመር ይችላል። በጋራዥም ቆማችሁ «ይህ ዕቃ ይለወጥ» በተባላችሁ ጊዜ፥ «በምን ታወቀ?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። መልስ ያለው መካኒክ በደስታ ያስረዳችኋል፤ መልስ ከሌለው ግን ገንዘባችሁን በኪሳችሁ አቆዩ።