ትራክተር የሚመረጠው በሄክታር ነው ወይስ በቀን?



አንድ የኅብረት ሥራ ዩኒየን ትራክተር በብድር ለመግዛት ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ስንት ሄክታር መሬት አለ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢመስልም ዕዳው በወቅቱ እንደሚከፈል የሚያረጋግጥ መልስ አያስገኝም። መሬቱ ዓመቱን ሙሉ በቦታው አለ፤ የሚያመልጠው ቀኑ ነው። የሰብል ዕቅድ ለማውጣትና የእርሻ መሣሪያ ለመምረጥ የተዘጋጁት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ዋና ጥቅምም ሄክታርን ወደ ቀን፣ ቀንን ወደ ገንዘብ መንዝረው ማሳየታቸው ነው።

የሒሳቡ መሠረት አዲስ አይደለም። ጆርጅ ዳንዚግ የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ሲምፕሌክስ የተሰኘውን የስሌት ዘዴ ያወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 ነው። ዘዴው ውሱን ሀብት ለብዙ ሥራ ሲፈለግ ከሁሉ የበለጠ ትርፍ የሚያስገኘው ድልድል የትኛው እንደሆነ ለይቶ ያወጣል። ይህን ለገበሬው ካቀረቡት ተቋሞች መካከል በኢንዲያና የሚገኘው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ይጠቀሳል። በ1968 በዚያ በተጀመረው ዐውደ ጥናት ገበሬዎች የመሬታቸውን ስፋት፣ ያሏቸውን ማሽኖችና የሰው ጉልበት በቅጽ ሞልተው ያቀርቡ ነበር፤ ኮምፒዩተሩም ዕቅድ አውጥቶ ይመልስላቸዋል። ገበሬው መልሱን አይቶ ማሽኑን ወይም ሰብሉን በመለዋወጥ እንደገና ያሰላ ነበር። የሞዴሉ ብልኀት ዓመቱን በአጫጭር የሥራ ወቅቶች ከፍሎ፣ በእያንዳንዱ ወቅት ማሽን ማሳ ውስጥ ሊገባባቸው የሚችሉትን ቀኖች ብቻ መቁጠሩ ነው። በዚያ አገር ከሜይ አጋማሽ በኋላ የተዘራ በቆሎ ምርቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ መዘግየትም እንደ ወጪ ተተምኖ ሒሳቡ ውስጥ ይገባል።

ነገሩን ለማስረዳት አንድ ቀላል ስሌት ይበቃል። 1 ሜትር ስፋት የሚያርስ ባለ 3 ዲስክ ማረሻ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ ለመታጠፊያና ለማስተካከያ የሚባክነው ጊዜ ተቀንሶ 80 በመቶው ለእርሻ ቢውል፣ በሰዓት 0.48 ሄክታር ያርሳል። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ ወደ 3.8 ሄክታር ይሆናል። ሻጭ ይህን በ30 ቀን አባዝቶ 115 ሄክታር ሊል ይችላል። ከ30ው ቀን አፈሩ ለእርሻ የሚመቸው 12 ቀን ብቻ ከሆነ ግን የሚታረሰው 46 ሄክታር ነው፤ መሬቱ ሁለት ጊዜ መታረስ ካለበት ደግሞ 23። በ115 እና በ23 መካከል ያለው ልዩነት የሞተር ኀይል ጉዳይ ሳይሆን የዝናምና የአፈር ጉዳይ ነው። በዋልካ መሬት ላይ የሠራ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ሲረጥብ ጎማ ይይዛል፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ በሁለቱ መካከል ያለችው ጊዜ አጭር ናት።

ችግሩ በባሌ ደጋ ይበልጥ ይጎላል። በዚያ የሚገኙት ስንዴ አብቃይ ወረዳዎች በዓመት ሁለት የዝናም ወቅት ስላሏቸው፣ የበልጉ ሰብል የሚሰበሰብበትና በአካባቢው አጠራር «ቦና» ለተባለው ወቅት መሬት የሚዘጋጅበት ጊዜ በሐምሌና በነሐሴ ይደራረባል። ያው ደረቅ ቀን ለኮምባይነርም ለትራክተርም ይፈለጋል። ኮምባይነሩ በአብዛኛው የኪራይ ሆኖ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር በመሆኑም የሚመጣበትን ቀን የሚወስነው ባለማሳው አይደለም። እንዲህ ባለ ስፍራ የሰብል ምርጫና የማሽን ምርጫ አንድ ጥያቄ ናቸው። በሄክታር ሲታይ ገቢው አነስ ያለ፣ ነገር ግን ቶሎ የሚደርስ ገብስ በከፊሉ መሬት ላይ ቢዘራ፣ አጨዳው ስለሚከፋፈል ሌላ ማሽን ከመግዛት ይልቅ ሊያዋጣ ይችላል። በእያንዳንዱ ሰብል ትርፍና ኪሳራ ላይ ብቻ የተመሠረተ ዕቅድ ይህን አያሳይም።

ከፕሮግራሙ መልስ ውስጥ ከሁሉ የሚጠቅመው፣ ግን እምብዛም የማይነበበው፣ ስውር ዋጋ ሊባል የሚችለው ቁጥር ነው። ይህም አንድ ተጨማሪ የማረሻ ወይም የአጨዳ ሰዓት ቢገኝ ትርፉ በስንት ብር ከፍ እንደሚል ይናገራል። በሐምሌ የአንድ ተጨማሪ የትራክተር ሰዓት ዋጋ ዜሮ ሆኖ ከወጣ፣ ጎረቤት ወረዳ የገዛውን አይቶ ሌላ ትራክተር መጨመር የዕዳ ምንጭ ከመሆን አያልፍም፤ ጉድለቱ በአጨዳው ወይም በእህል ማድረቂያው ሊሆን ይችላልና።

ይሁን እንጂ ፕሮግራም ከውጭ ሲመጣ የመጣበትን አገር የሥራ ቀን ሠንጠረዥ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሠንጠረዡ ሳይለወጥ ከተሠራበት፣ ስሕተቱ በንጹሕ ወረቀት ላይ በጥሩ ፊደል ታትሞ ይወጣል፤ ከዚህ ይልቅ የአንድ አዛውንት ገበሬ ግምት ይሻላል። አማካይ ቁጥርም አይበቃም። ብድር የሚከፈለው በየዓመቱ እንጂ በአማካይ ዓመት አይደለምና፣ ስሌቱ ከ10 ዓመት ቢያንስ በ8ቱ ሊገኝ በሚችለው የቀን ቁጥር ላይ መቆም ይኖርበታል። ለዚህ የሚሆን የማሳ መዝገብ እስኪጠራቀም ድረስ የዕለት ዝናም መዝገብንና የአፈሩን ውኃ የመያዝ ጠባይ አጣምሮ የሥራ ቀኖችን መገመት ይቻላል።

የማሳው መዝገብ ራሱ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በደብተር ሊይዘው ይችላል። ቀኑ፣ ማሳው፣ ማሽን ገብቶ መሥራቱ፣ ካልገባም ምክንያቱ ይጻፋል። ጭቃ፣ ብልሽትና የነዳጅ እጥረት ግን በአንድነት «አልተሠራም» ተብለው መመዝገብ የለባቸውም፤ ነዳጅ አጥቶ የቆመ ትራክተር አፈሩ የፈቀደውን ቀን አያስቀርምና።