የጫካው ጓዳ የማን ነው?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ፣ ብሪክስተን፣ ለንደን የቀረበ ንግግር)

ሊቀመንበራችን አሥር ደቂቃ ሰጥተውኛል፤ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ለመጨረስ እሞክራለሁ።

ጠዋት በኤሌክትሪክ አቬኑ ገበያ በኩል ሳልፍ አንድ ሱቅ መስኮት ላይ «የኢትዮጵያ የጫካ ቡና» የሚል አየሁና ቆምኩ። ዋጋውን ሳይ እናቴ ትዝ አለችኝ።

እናቴ ቤት ክረምት ሲገባ ምን እንደሚበላ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። የጓሮው እንሰት ቆጮ ይሆናል። በቆሎው ሰኔ ላይ ያልቃል። ጨው፣ ዘይት፣ የልጆች ደብተርና የጎደለው በቆሎ የሚገዛው ጫካው በሚሰጠው ነው፦ በቡና፣ በማር፣ በኮረሪማ፣ በጥምዝ። ጫካው ጓዳችን ነው፤ ቁልፉ ግን በእጃችን የለም።

አያቶቻችን ለጫካ ይዞታ ሥርዓት ነበራቸው። ጎረቤቶቻችን ሸካዎች ኮቦ ይሉታል፤ ቀፎ የሚሰቀልበት ጫካ የየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ አገር ያውቃል፣ ወረቀት ግን የለውም። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ነፃ አወጣ፤ አባቴም ተጠቅሟል፣ አልክድም። ይሁን እንጂ መሬት በማረሻ ብቻ ሲለካ ጫካ ባዶ ቦታ መሰለ። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ወገኖቻችን ከሰሜን መጥተው ሲሰፍሩ፣ ቀጥሎም የቡናና የሻይ እርሻ ሲስፋፋ፣ ከዚያው «ባዶ» ቦታ ተቆረሰ። በሰፋሪው አልፈርድም፤ እሱም ርቦት ነው የመጣው።

የይዞታ ደብተር ሲታደል አባቴ ደብተር ላይ ጓሮውና የበቆሎ ማሳው ተጻፈ። ቀፎ የሰቀለበት ጫካ አልተጻፈም። አንድ ዓመት ባለሀብት መጣ ተባለ፣ ችካል ተተከለ፣ ሰባት ቀፎ ከችካሉ ወዲያ ቀረ። ካሳ ሲጠይቅ «ደብተርህ ላይ የለም» አሉት። በዚያ ክረምት በሬ ሸጠን በላን።

የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ እዚሁ ለንደን ጨፍረናል፤ እኔም ጨፍሬያለሁ። የአባቴን ቀፎ ግን አላስመለሰም። የሚያስመልሰው ወይም ቢያንስ የቀረውን የሚያስከብረው ሌላ መንገድ ነው። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግልና የመንግሥት ደን ብሎ አላቆመም፤ የማኅበረሰብና የማኅበር ደንም ይላል። ጽሕፈት ቤቱ በዚህችው ከተማ ያለው ፋርም አፍሪካም ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቦንጋ አካባቢ አሳታፊ የደን አስተዳደርን ሞክሯል፦ ነዋሪው ይደራጃል፣ ወሰኑ ይለካል፣ ከመንግሥት ጋር ውል ይፈረማል፣ ጥበቃውም ጥቅሙም የነዋሪው ይሆናል። ውል ያለው ሰው ችካል ሲተከል የሚያሳየው ነገር አለው።

አንድ የሚከብድ ነገር ልጨምር። ማንጆ ወገኖቻችን ከሁላችንም በላይ በጫካ የኖሩ ናቸው፤ አብረን ማዕድ ሳንቀርብ ማደጋችንንም እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ የለም። የደን ማኅበር ሲመሠረት ስማቸው ከመዝገቡ ከቀረ፣ በእኛ የተደረገውን እኛው ደገምነው ማለት ነው። ገንዘባችን በዚህ ቅድመ ሁኔታ ይሰጥ እላለሁ።

ሐሳቤ ይኸው ነው፦ ለእንግዳ ማረፊያው ከያዝነው ግማሹ ዘንድሮ ለወሰን ልኬትና ለማኅበራቱ ምዝገባ ወጪ ይዋል። ማረፊያውን የምትደግፉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እኔም አገር ቤት ስገባ የማርፍበት ብፈልግ አልጠላም። ድምፅ የምንሰጠው ከቡናው በኋላ ነው፤ ጥያቄ ያላችሁ ጀበናው አጠገብ ታገኙኛላችሁ።