ስማችሁን የሚያውቅ መምህር

ውድ ተመራቂ ልጆቼ፤

ጋውኑ አምሮባችኋል። ቢሆንም የ12ኛ ክፍል ውጤት ገና አልወጣምና ልባችሁ እንደተንጠለጠለ አውቃለሁ። ወላጆቻችሁም ቢሆኑ ፊታቸው እየሳቀ በሆዳቸው ይጸልያሉ፣ ዱዓ ያደርጋሉ። ስለዚህ የሁላችንንም ሐሳብ ከያዘው ከፈተናው ልጀምር።

የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆነ፤ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። መሻሻሉ ደስ ያሰኛል። ሆኖም ዐሥራ ሁለት ዓመት ከተማሩ መቶ ልጆች ከዘጠና በላዩ የፈተናውን ግማሽ ሳይመልሱ ይወጣሉ ማለት ነው። ፈተናውን አልወቅስም። በዩኒቨርሲቲ ግቢ በመፈተን ኩረጃው ሲዘጋ ለብዙ ዓመት ተሸፍኖ የቆየው ነገር ተገለጠ እንጂ ፈተናው ያመጣው ችግር አይደለም። ልጆቹንም ሰነፎች ናቸው ብሎ የሚደመድምን ሰው አልቀበለውም።

እኔ በዚሁ በድሬዳዋ ከተማ በመንግሥት ትምህርት ቤት ፊዚክስ ሳስተምር በአንድ ክፍል ሰባ ሰባ ተማሪ ይቀመጥ ነበር። አንድ ክፍለ ጊዜ አርባ ደቂቃ ነው። አርባውን ደቂቃ ለሰባ ልጅ ብታካፍሉት ለአንዱ የሚደርሰው ሠላሳ አራት ሰከንድ ነው፤ ያውም መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ምንም ሳይጽፍ፣ ስም ሳይጠራ። በሠላሳ አራት ሰከንድ ውስጥ አንድ ልጅ ምን እንዳልገባው ማወቅ አይቻልም። ያልገባው ነገር ደግሞ ከሰባተኛ ወደ ስምንተኛ፣ ከስምንተኛ ወደ ዘጠነኛ እየተንከባለለ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ይደርሳል። ውጤቱ ሲወጣ የምናየው ይህንን ለዓመታት የተጠራቀመ ዕዳ ነው።

እናንተ ከዚህ የተለየ ዕድል አግኝታችኋል። ትምህርት ቤታችሁ ትንሽ ነው። ከበረኛው እስከ ርእሰ መምህሩ ስማችሁን የማያውቅ ሰው በግቢው ውስጥ የለም። ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለዚህ ነገር ነው፤ መታወቅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለውና ማን ሊያገኘው እንደሚገባ።

መምህሮቻችሁ ከዋልዶርፍ ትምህርት ቤቶች አሠራር አንዳንድ ነገር እንደተዋሱ አጫውተውኛል። የእነዚህ ትምህርት ቤቶች አጀማመር ከፋብሪካ ሠራተኞች ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለድሬ ሰው ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ ማግሥት፣ በጀርመኗ ሽቱትጋርት ከተማ ዋልዶርፍ አስቶሪያ የሚባል የሲጋራ ፋብሪካ ነበር። የፋብሪካው ኃላፊ ኤሚል ሞልት ለሠራተኞቹ ልጆች ትምህርት ቤት ሊከፍት ፈለገና ሩዶልፍ ሽታይነር የተባለውን ሰው እንዲመራለት ጠየቀው። መስከረም 7 ቀን 1919 እ.ኤ.አ. ትምህርት ቤቱ 256 ልጆች ይዞ ተከፈተ፤ አብዛኞቹ የፋብሪካው ሠራተኞች ልጆች ነበሩ። በዚያ ዘመን የሠራተኛ ልጅ በዐሥራ አራት ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ወደ ሥራ መግባቱ እንደ ደንብ ይታይ ነበር። እዚያ ግን ወንዱም ሴቷም፣ የትምባሆ ሠራተኛው ልጅም የሀብታሙም ልጅ ባንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል አብረው እንዲዘልቁ ታሰበ። ናዚዎች ይህን ትምህርት ቤት በ1938 ዘጉት፤ በ1945 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ እንደገና ተከፈተ። ዛሬ በዓለም ላይ ከአንድ ሺህ በላይ የዋልዶርፍ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በጎረቤታችን ናይሮቢም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ማለዳ ሁለት ሰዓት ያህል ለአንድ ዋና ትምህርት ይሰጣል፤ ያው ትምህርት ሦስት አራት ሳምንት ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ከሰዓት በኋላ የእጅ ሥራ፣ ሙዚቃ፣ የጓሮ አትክልት ይከተላል። ለድሬ ልጅ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ እኛ ከባዱን ሥራ በማለዳ ጨርሰን በቀትር ጥላ መፈለግን ከአባቶቻችን የተማርን ነን። በታችኛው ክፍል አንዱ መምህር ልጆቹን ተከትሎ ከዓመት ዓመት አብሯቸው ያድጋል። ተማሪውም የተማረውን በራሱ አጻጻፍና በራሱ ሥዕል የራሱን ደብተር መጽሐፍ አድርጎ ያዘጋጃል።

ሽታይነር የተናገረውን ሁሉ ተቀበሉ እያልኩ አይደለም። በሰው ዘር ላይ የጻፋቸው የማይረቡ ሐሳቦች አሉ፤ የጀርመን የዋልዶርፍ ትምህርት ቤቶች ማኅበር ራሱ በ2007 እ.ኤ.አ. ማንኛውንም አድልዎ እንደሚቃወም በይፋ አስታውቋል። ከሰው ቤት ዕቃ ስንዋስ የሚበጀንን መርጠን ነው።

ደግሞም ያልነበረን ነገር አይደለም። የኔታ ፊደል ሲያስቆጥሩ ሁሉንም ባንድ አይነዱም፤ አንዱ «ሀ» ላይ፣ ሌላው ዳዊት ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ ተራውን ጠብቆ ቀርቦ ያነባል፣ የበሰለው ታናሹን ያስጠናል። በእኛው መጋላና በሐረር ቁርኣን የሚቀራው ልጅም የራሱ ሎሕ አለው፤ የዛሬውን አጥንቶ ለሼኹ ካላሰማ አጥቦ አዲስ አይጽፍም። ሁለቱም ዘንድ መምህሩ የያንዳንዱን ልጅ ደረጃ ያውቃል። ዘመናዊውን ትምህርት ቤት ስንሠራ ይህ ለምን እንደቀረ አስቤ አዝኛለሁ።

አዝኖ ብቻ ያልቀረ፣ የሠራ አንድ ሰው ግን ነበር። አቶ አስፋው የምሩ ገና በልጅነታቸው ከቡልጋ አዲስ አበባ መጥተው ጎዳና ላይ ያደሩ ሰው ነበሩ። ዕድል ቀንቷቸው ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ገቡ። ከአጥሩ ማዶ፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ፣ እንደ እሳቸው ያልቀናቸው ልጆች ነበሩ። ገና ተማሪ ሳሉ ከምግብ ቤቱ የተረፈውን ለእነዚህ ልጆች ያደርሱላቸው ነበር፤ ቀጥለውም በዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጠው ማስተማር ጀመሩ። ልጆቹ ሲበዙ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ መኪና ፊት ወድቀው መሬት ለመኑ፤ ተሰጣቸውም። አሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት እንዲህ ተቆረቆረ። ኋላም ከመጽሐፉ ጎን እርሻና የእጅ ሥራ የሚሰጥበትን ሞያ የተባለውን ትምህርት ቤት ጨመሩ። ዱላ በነገሠበት ዘመን ልጅ አይመታም አሉ። በ2001 እ.ኤ.አ. የዓለም ሕፃናት ሽልማትን ተቀበሉ፤ በ2013 ዓ.ም. አረፉ። አቶ አስፋው ገንዘብ ያለው ይምጣ አላሉም፤ የጀመሩት ምንም ከሌለው ልጅ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ እናንተ ስመጣ፣ ባለፈው ሳምንት መምህራኑ ደብተሮቻችሁን ሲያሳዩኝ አንዱን ለረጅም ጊዜ ይዤ ቆየሁ። የማን እንደሆነ አልናገርም፤ ባለቤቷ ታውቀዋለች። ዐሥረኛ ክፍል ሳላችሁ በበጋ ደቻቱ ወርዳችሁ የወንዙን ሆድ የለካችሁበት ነው። ከግንብ እስከ ግንብ ስፓጎ ወጥራችኋል፤ በየሁለት ሜትሩ ቱምቢ አንጠልጥላችሁ ወደ አሸዋው ያለውን ጥልቀት በሜትሮ ወስዳችኋል። በደብተሩ ላይ የወንዙ ቁርጥ በእርሳስ ተስሏል፤ ከሥሩ የስፋቱ ስሌት አለ። ያ ስሌት ግን በአንድ መስመር ተሰርዟል። ከጎኑ እንዲህ ተጽፏል፤ ስፓጎው መሃል ላይ ረግቦ ስለነበር ጥልቀቱ አንሶ ወጥቷል፤ በማግሥቱ ውሃ ልክ ይዘን ሄደን ደገምነው። መምህሩ የተሰረዘውን ገጽ ቅደዱት አላላችሁም።

በሚቀጥለው ገጽ የሽማግሌዎች ቃል አለ። ከሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.፣ ከላይ ከደጋው የጣለው ዝናብ በሌሊት ወርዶ ከ250 በላይ ሰው የጨረሰበትን ጎርፍ ያዩ ሰዎች ናቸው። እናንተ ያኔ አልተወለዳችሁም። አንዱ አባት በአማርኛ፣ አንዲት እናት በኦሮምኛ፣ ሌላዋ በሶማልኛ የተናገሩትን በየቋንቋቸው ጽፋችሁ፣ ውሃው የት ድረስ እንደደረሰ በእጃቸው ያሳዩዋችሁን ከፍታ በሥዕሉ ላይ በሰማያዊ አስምራችኋል። እዚያች ገጽ ላይ ሒሳቡ፣ ጂኦግራፊው፣ ታሪኩና የሰው ሐዘን አብረው ተቀምጠዋል። ይህን የሠራች ልጅ ትምህርት ሚኒስቴር የትኛውንም ጥያቄ ቢያወጣ ስፋት ማስላት አይጠፋትም፤ ከዚያም በላይ ከተማዋን ታውቃለች።

እንዲህ በቅርብ ማስተማርን ከቤቴም አውቀዋለሁ፤ አባቴ በምድር ባቡር ጥገና ክፍል የቶርኖ ሠራተኛ ነበር። ለማጅ ሲሰጡት ከሁለት በላይ አይቀበልም። የብረቱን ድምፅ ሰምቶ ስለቱ እንደደነዘዘ የሚለይ ልጅ የሚወጣው አጠገብ ቆሞ ከሚያይ ሰው ነው ይል ነበር። ድሬ ራሷ የዚህ ዓይነት ሰዎች ሥራ ናት። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ እዚህ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች፤ ከዚያ በኋላ ጥገናው፣ ሲሚንቶው፣ ጨርቃ ጨርቁ መጣ። እዚህ ከተቀመጣችሁ ተመራቂዎች የብዙዎቻችሁ አያቶች በእነዚህ የፋብሪካና የጥገና በሮች ገብተው የወጡ ናቸው።

የትንሽ ትምህርት ቤት ኑሮ ግን ሁልጊዜ ማር አይደለም። ቤተ ሙከራው የተሟላ አይደለም፤ አንዳንድ ትምህርት መምህር አጥቶ የከረመበት ጊዜ እንደነበር ሰምቻለሁ። የተጣላችሁትን ልጅ ሌላ ክፍል ገብቶ መሸሽ አይቻልም፤ በማግሥቱ ያው አጠገባችሁ ነው። መታረቅን የተማራችሁት ማምለጫ ስላጣችሁም ጭምር ነው፤ ይህም ቢሆን ትልቅ ትምህርት ነው። ዐቢይ ጾምና ረመዳን በገጠሙበት ሰሞን የቴአትር ልምምዱ እስከ ምሽት ሲዘልቅ ለአፍጥር የመጣው ሳምቡሳ የምስር እንዲሆን የተስማማችሁት እናንተው ናችሁ አሉኝ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ካንድ ሳህን እንዲቀምስ። ማንም መምህር አላዘዛችሁም። ይህን ስሰማ ድሬ ገና በደኅና እጅ ላይ ናት ብዬ አመሰገንኩ።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ። በሽቱትጋርት ያ ትምህርት ቤት የተከፈተው ለፋብሪካ ሠራተኞች ልጆች ነበር። አቶ አስፋው ያስተማሩት የጎዳና ልጆችን ነበር። ዛሬ ግን በዓለም ዙሪያም በአገራችንም ጥቂት ልጆችን ይዞ በቅርብ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ማለት ብዙ ጊዜ ክፍያው የከበደ ትምህርት ቤት ማለት ሆኗል። አንድ ልጅ በስሙ የሚጠራው መምህር ማግኘቱ የአባት ኪስ የሚወስነው ነገር መሆን የለበትም። ይህን የምለው ለወላጆችና ለትምህርት ቤቱ ኃላፊዎችም ነው። መምህራንን በደኅና ደመወዝ ማኖር ገንዘብ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ቢሆንም ከየክፍሉ ጥቂት ወንበር በደቻቱ ዳር ለሚኖር፣ እናቱ ጉሊት ለምትቸረችር ልጅ በነጻ ተለይቶ እንዲቀመጥ እለምናችኋለሁ። ለዚያ ልጅ ትልቅ ነገር ነው፤ ለቀሩት ልጆች ደግሞ ከተማቸውን ሙሉውን ባንድ ክፍል ያሳያቸዋል።

ከእናንተ ከተመራቂዎቹ የምጠይቀው ሌላ ነው። ውጤቱ እስኪወጣና ዩኒቨርሲቲ እስኪጠራችሁ ድረስ ክረምቱ በእጃችሁ ነው። ያለፈውም ያላለፈውም፣ ሪሜዲያል የሚገባውም፣ ሙያ የሚማረውም ይህ ክረምት አለው። በየቀበሌው የክረምት በጎ ፈቃድ ማስጠናት አለ፤ ከቤታችሁ አጠገብ ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብታችሁ ተመዝገቡ። አምስት ልጅ ውሰዱ፤ ሃያ አትውሰዱ። ስማቸውን፣ ሠፈራቸውን፣ ማካፈል የሚያቅታቸው የቱ ላይ እንደሆነ በደብተር ያዙ። በማለዳ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ አስጠኗቸው። ስፓጎና ሜትሮ ካላችሁ ወደ ደቻቱም ይዛችኋቸው ውረዱ፤ ክረምት ነውና ግን ወደ አሸዋው እንዳትገቡ፣ ከግንቡ ላይ ሆናችሁ አሳዩአቸው።

ከመምህሮቻችሁ ጋር ተነጋግረን የምታስጠኑባቸውን ትምህርት ቤቶች ዝርዝር አዘጋጅተናል። ከዚህ ስትወጡ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ፤ እኔም እዚያው ነኝ፤ ስማችሁን እየጻፍኩ እጠብቃችኋለሁ።