የጭነት መኪና ዘንግ አጠባበቅ



በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያጓጉዙ፥ ያን ሁሉ ክብደት የሳበው የሰው ክንድ ነበር። ዛሬ በገሳይ ዳገት ድንችና እህል ለሚያወጣው የጭነት መኪና የሞተሩን ኃይል ከካምቢዮ ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርስለት ካርዳን የሚባለው ዘንግ ነው።

ይህ ዘንግ ሲታመም ዝም አይልም። መኪናው ሲነሣ ወይም ማርሽ ሲለወጥ የመጋጨት ድምፅ ከተሰማ፥ ክሮቼራ የሚሉት መስቀለኛ መጋጠሚያ ሳይበላ አልቀረም። በዝግታ ሲሄድ ሲጥ ሲጥ ካለ ግራሶ ጠምቶታል። ፍጥነት ሲጨምር የሚያንቀጠቅጥ እንደ ሆነ፥ ዘንጉ ጐብጧል ወይም ሚዛኑን ስቷል።

ለመመርመር መኪናውን በደልዳላ ስፍራ አቁሞ፥ ሞተሩን አጥፍቶ፥ ጎማዎቹን ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ማስደገፍ ይገባል። ከዚያም ዘንጉን በእጅ ወዲያና ወዲህ መነቅነቅ ነው፤ መስቀሉ በመያዣው ውስጥ ከተላወሰ ይለወጥ። ጤነኛ ከሆነ በአራቱም ጫፍ አዲስ ግራሶ እስኪወጣ ይጠጣ።

ዘንጉ የሚፈታ ከሆነ ግን አደራ! በብዙ አይሱዙዎች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ይህንኑ ዘንግ ነው። ዘንጉ በተፈታ ጊዜ የእጅ ፍሬንም ሆነ ማርሽ መኪናውን አያቆሙትም፤ በጉና ተዳፋት ከመኪና ሥር የተኛ ሰው ሕይወቱ ያለችው በዚያች ድንጋይ ላይ ነው። ከመፍታት አስቀድሞም መጋጠሚያው ምልክት ይደረግበት፤ እንደ ነበረ ካልተመለሰ ጤነኛው ዘንግ ራሱ ይንቀጠቀጣልና።